የከተማ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የታዳሽ ኃይል ዕቅድ፦ የዓመቱ ድምር ሞልቶ ምሽቱ ሲጎድል

ጭነት ተንባይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የከተማ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአሥር ዓመት የታዳሽ ኃይል ዕቅድ ሲያወጣ የት የት ላይ እንደሚሳሳት በቁጥር እንድንነጋገር ምሳሌ የምትሆን ከተማ አስቀምጣለሁ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ እንጂ የየትኛዋም ከተማ አይደሉም።

ዓመታዊ ፍጆታዋ 600,000 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ከፍተኛው ጭነት 120 ሜጋዋት ሲሆን የሚመጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ፋብሪካውም ቢሮውም በሚዘጋበት የበዓል ቀን ግን እኩለ ቀን ላይ ጭነቱ እስከ 50 ሜጋዋት ይወርዳል። ኃይሉን ከዋናው ግሪድ የምትቀበለው በሁለት ማከፋፈያ ጣቢያዎች ነው። ግቡ በአሥር ዓመት ውስጥ 40 በመቶውን ከታዳሽ ምንጭ ማግኘት ነው።

ረቂቁ እንዲህ ይላል፦ 80 ሜጋዋት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአቅሙ በአማካይ 22 በመቶ ሲያመርት 154,000 ሜጋዋት ሰዓት ይሰጣል፤ 30 ሜጋዋት ነፋስ በ35 በመቶ 92,000 ይሰጣል። ድምሩ 246,000 ነው፤ የሚፈለገው 240,000 ስለሆነ ሞልቷል። ይህ ወረቀት ምን ጎደለው? ጥናቱስ ከየት ይጀምር?

8760፦
የመጀመሪያው ጉድለት ወደ ሰዓት ሳንወርድ ይታያል። ግቡ የአሥረኛው ዓመት ሆኖ ስሌቱ የዛሬውን ፍጆታ ይዟል። ፍጆታው በዓመት 4 በመቶ ካደገ በአሥረኛው ዓመት 888,000 ሜጋዋት ሰዓት ይደርሳል፤ 40 በመቶው 355,000 ነው። በረቂቁ ያለው 246,000 ያን ጊዜ 28 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሌላው፣ 154,000 የተባለው መካከለኛ ግምት ነው፤ የመድረስና ያለመድረስ ዕድሉ እኩል ነው። የግምቱ አለመተማመን 7 በመቶ ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በዘጠኙ የሚገኘው መጠን 1.28 ጊዜ 7 በመቶ ተቀንሶለት ወደ 140,000 ይወርዳል። አበዳሪው የሚያየው ይህንን ነው፤ ዕቅድ አውጪውም ይህንኑ ቢያይ ይሻላል። በዚህ ላይ ፓነል በዓመት ግማሽ በመቶ ገደማ እየደከመ ይሄዳል።

ወደ ሰዓቱ ስንመጣ፣ 8,760 ረድፍ (ለዓመቱ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ) ያለው ሠንጠረዥ ሥሩ፦ ጭነት፣ ፀሐይ፣ ነፋስ፣ ከዚያ ቀሪው። ዓመቱን ሙሉ የደመርነው ሁሉ እዚህ ይፈተናል። በበዓል እኩለ ቀን ፀሐይ 75 ሜጋዋት ቢሰጥና ጭነቱ 50 ቢሆን 25 ሜጋዋት መሄጃ ይፈልጋል፤ ነፋሱ ካገዘው ደግሞ 50 ሊያልፍ ይችላል። በዚያው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የፀሐዩ ድርሻ ዜሮ ነው። 80 ሜጋዋት ጨምረን ከፍተኛውን ጭነት አንድ ሜጋዋት አልቀነስንም ማለት ነው። ስለዚህ ማከፋፈያ ጣቢያውን የማሳደግ ወጪ ከዕቅዱ አይወጣም።

ሠንጠረዡን የሚያበላሹት ደግሞ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የፀሐዩን መረጃ ከብዙ ዓመት ወራት ተቀናብሮ ከተሠራ አማካይ ዓመት፣ ጭነቱን ደግሞ ካለፈው ዓመት መዝገብ የሚወስድ አለ። እንዲህ ሲሆን በመዝገቡ ላይ ደመናና ዝናብ የነበረበት ቀን ጭነት ከጠራ ሰማይ ፀሐይ ጋር ይጋባል፤ በሁለቱ መካከል ያለው እውነተኛ ዝምድና ይጠፋል። ሁለቱም ከአንድ ዓመትና ከአንድ ሰዓት መምጣት አለባቸው፤ ቢቻል ከአምስት ዓመት ያላነሰ። ሌላው የሰዓት አሰያየም ነው። አንዱ መዝገብ ሰዓቱን በመጀመሪያው ሌላው በመጨረሻው ከጠራው ፀሐዩ በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል፤ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ምሽቱን የምታግዝ ያስመስላል።

ነፋስ ላይ ከፀሐይ የበለጠ ጥንቃቄ ያሻል። በነፋስ ውስጥ ያለው ኃይል ከፍጥነቱ ሦስተኛ እርከን ጋር ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ተጋንኖ ከተለካ ኃይሉ በ33 በመቶ ይጋነናል። ቦታው ላይ ከ12 ወር ያላነሰ፣ በምሰሶ ላይ በተተከለ የነፋስ መለኪያ የተወሰደ ልኬት ሳይኖር 35 በመቶ ብሎ መጻፍ ግምት ብቻ ነው።

ሰብስቴሽን፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ከተማዋን እንደ አንድ ነጥብ ያያታል። ኃይሉ ግን በሽቦ ነው የሚሄደው። 80 ሜጋዋቱ በአንድ ቦታ ተገንብቶ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይግባ ወይስ አምስት አምስት ሜጋዋት ሆኖ በየፊደሩ (ከጣቢያው ወደ ደንበኞች በሚወጣው መስመር) ይበተን የሚለው መጀመሪያ ይወሰን፤ ሁለቱ የተለያዩ ፕሮጀክቶች ናቸው።

ለምሳሌ 5 ሜጋዋት ከጣቢያው 8 ኪሎ ሜትር ርቆ በ15 ኪሎቮልት ፊደር ጫፍ ላይ ይግባ እንበል። ሽቦው በኪሎ ሜትር 0.3 ኦም ሬዚስታንስና 0.35 ኦም ሪአክታንስ (በተለዋዋጭ ከረንት ላይ የሚታይ ተጨማሪ መቋቋም) ካለው፣ ድምሩ 2.4 እና 2.8 ኦም ነው። የቮልቴጁ ጭማሪ በግምት 5 ሜጋዋት ጊዜ 2.4 ለ225 (15 በ15) ተካፍሎ 5.3 በመቶ ይመጣል። የተፈቀደው ከፍታ 5 በመቶ ከሆነ አልፏል፤ ያውም ጣቢያው ላይ ያለው ታፕ ቼንጀር (የትራንስፎርመሩን ቮልቴጅ ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ) ለምሽቱ ጭነት ብሎ ቮልቴጁን ከፍ ካላደረገው ነው። በተግባር ብዙ ጊዜ ከፍ አድርጎት ይገኛል።

መፍትሔው ኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኃይል ወደ ግሪዱ ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) ሪአክቲቭ ኃይል (ራሱ ሥራ የማይሠራ፣ ቮልቴጁን ግን የሚያወጣና የሚያወርድ ኃይል) እንዲስብ ማድረግ ነው። በ0.95 ፓወር ፋክተር (ከጠቅላላው ኃይል ሥራ የሚሠራው ድርሻ) 1.64 ሜጋቫር (የሪአክቲቭ ኃይል መለኪያ) ሲስብ ጭማሪውን በ2 በመቶ ይቀንሰዋል፤ 3.3 በመቶ ይቀራል። ነገር ግን በነጻ አይደለም። መስመሩ ላይ የሚሄደው ከረንት ከ192 ወደ 203 አምፔር ያድጋል፤ የመስመሩ ብክነት ከ265 ወደ 295 ኪሎዋት ይወጣል። የሚሳበው ሪአክቲቭ ኃይል ደግሞ ከጣቢያው ስለሚመጣ በዚያ በኩል ያለው የካፓሲተር (ሪአክቲቭ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ዕቅድ እንደገና ይታይ።

ጭነት ተንባይ፦
ታዲያ ፓወር ፋክተሩን 0.95 ላይ አስሮ ከማስቀመጥ ቮልቴጁን እየተከተለ እንዲሠራ ማድረጉ አይሻልም? ጠዋትና ደመና ሲሆን ያለ ምክንያት ይስባል እኮ።

ሰብስቴሽን፦
ይሻላል። ቮልቴጁ መደበኛ ሲሆን ምንም የማይስብ፣ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ሲወጣ ብቻ መሳብ የሚጀምር ኩርባ ይሰጠዋል። ጥንቃቄው የምላሽ ፍጥነቱ ላይ ነው። ታፕ ቼንጀሩ በ30 ወይም በ60 ሰከንድ መዘግየት የሚሠራ ከሆነ ኢንቨርተሩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቀድሞ መርጋት አለበት። መዘግየታቸው ከተቀራረበ አንዱ ያወረደውን ሌላው ያወጣዋል፤ ታፕ ቼንጀሩ በቀን ብዙ ጊዜ እየተንቀሳቀሰ ኮንታክቱ ቶሎ ይበላል።

በዚሁ ላይ የፊደሩ የቀን ዝቅተኛ ጭነት ከማመንጫው ካነሰ ኃይሉ ወደ ኋላ ይፈስሳል። የቆየ ታፕ ቼንጀር መቆጣጠሪያ ወደ ኋላ የሚሄድ ኃይልን አይረዳም፤ የመስመሩን ቮልቴጅ ውድቀት የሚያካክስ ሴቲንግ ካለው ደግሞ በተቃራኒው ይሠራል። ጨረታው ከመውጣቱ በፊት የየጣቢያው መቆጣጠሪያ ሞዴል ተዘርዝሮ ይታይ።

ሪሌይ፦
የጥበቃውን በኩል እኔ ልጨምር፤ ከሁሉ የሚረሳው እሱ ነውና።

ኢንቨርተር መስመር ሾርት ሲያደርግ ከሙሉ አቅሙ 1.1 ወይም 1.2 ጊዜ ያህል ከረንት ብቻ ነው የሚሰጠው። የሚሽከረከር ጄኔሬተር ግን ብዙ እጥፍ ይሰጣል። በከረንት መብዛት ብቻ የሚያስብ ሪሌይ (ብልሽት አይቶ መስመሩ እንዲቋረጥ የሚያዝ መሣሪያ) የኢንቨርተሩን ድርሻ ከተለመደ ጭነት ለይቶ አያየውም። ፊደሩ መሐል ያለ ማመንጫ ደግሞ ከጣቢያው የሚመጣውን የብልሽት ከረንት ስለሚቀንሰው ሪሌዩ ጫፍ ላይ ያለውን ብልሽት ዘግይቶ ያያል። የጥበቃ ቅንጅቱ ማመንጫው በርቶም ጠፍቶም ይሰላ።

ሪክሎዘር (ብልሽት ሲያይ መስመሩን ከፍቶ የሚያቋርጥ፣ ጥቂት ቆይቶም ራሱ መልሶ ዘግቶ የሚያገናኝ ብሬከር) ያለበት ፊደር ላይ ሌላ አደጋ አለ። አይ ትሪፕል ኢ 1547 (ማመንጫዎች ከግሪድ ጋር የሚገናኙበት የመሐንዲሶች ማኅበር ደረጃ) ኢንቨርተሩ ከግሪዱ ተነጥሎ ብቻውን መቅረቱን እስከ 2 ሰከንድ ድረስ አውቆ እንዲወጣ ይጠይቃል። ሪክሎዘሩ በግማሽ ሰከንድ ተመልሶ ከዘጋ፣ በሕይወት ባለ ግን ከግሪዱ ጋር በማይገጥም ቮልቴጅ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ወይ መዘግየቱን ከ2 ሰከንድ በላይ አድርጉ፣ ወይ ከመስመሩ ወዲያኛው በኩል ቮልቴጅ እያለ እንዳይዘጋ የሚከለክል መቆጣጠሪያ ግጠሙ። ለመስመር ሠራተኞችም ደንቡ በጽሑፍ ይለወጥ፦ ጣቢያው ላይ ያለው ብሬከር መከፈቱ ብቻ መስመሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ማመንጫው በኩልም በዓይን የሚታይ የመስመር ማቋረጫ ይከፈት፣ ቮልቴጅ አለመኖሩ ይለካ፣ ከሁለቱም ወገን ኧርዝ ይደረግ።

ሴቲንግ በሺዎች ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሲሆን ስሕተቱም በአንድ ቅጽበት እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቴ ታይቷል። ነሐሴ ላይ በካሊፎርኒያ በሰደድ እሳት ምክንያት መስመር ሾርት ሲያደርግ ወደ 1,200 ሜጋዋት የሚጠጋ የፀሐይ ኃይል ጠፋ፤ ከፊሉ የጠፋው ኢንቨርተሮቹ በተረበሸው ሞገድ ላይ ፍሪኩዌንሲውን ወዲያው አስልተው ዝቅ ያለ ስለመሰላቸው ነው። በመስከረም ደግሞ በደቡብ አውስትራሊያ ማዕበል የማስተላለፊያ ምሰሶዎችን ጥሎ ቮልቴጁ በተደጋጋሚ ሲወድቅ፣ የነፋስ ተርባይኖቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ መታገሥ እንዳለባቸው የሚወስን ሴቲንግ ነበራቸውና ከገደቡ ሲያልፍ 456 ሜጋዋት ቀነሱ። ከጎረቤት ክልል የሚያገናኘው መስመር ከአቅም በላይ ተጭኖ ተቋረጠ፤ ክልሉ በሙሉ ጨለመ። ችግሩ የነፋስ መኖር ሳይሆን ያ ሴቲንግ በግሪድ ጥናቱ ሞዴል ውስጥ አለመታወቁ ነው። ስለዚህ አቅራቢው የሚሰጠው ሞዴል እውነተኛውን የጥበቃ ሴቲንግ የያዘ እንዲሆን በጨረታ ሰነዱ ይጠየቅ፤ በርክክብ ጊዜም ከተገጠመው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር።

ባትሪ ክፍል፦
8760 ያነሣውን ምሽት ልያዘው። ምሽቱን በሰዓት ዘርዝረን እንውሰድ፦ 11 ሰዓት ላይ 96፣ 12 ላይ 108፣ 1 ላይ 118፣ 2 ላይ 120፣ 3 ላይ 114፣ 4 ላይ 104፣ 5 ላይ 94 ሜጋዋት። ከ120 ወደ 100 ለመቁረጥ ከ100 በላይ ያለውን እንደምራለን፦ 8፣ 18፣ 20፣ 14፣ 4፤ በጠቅላላ 64 ሜጋዋት ሰዓት። ታዲያ 20 ሜጋዋትና 64 ሜጋዋት ሰዓት ባትሪ ገዝቶ የሚጨርስ ዕቅድ በመጀመሪያው ዓመት እንኳ አይበቃውም። ከባትሪው 90 በመቶውን ብቻ ብንጠቀም፣ በዕድሜው መጨረሻ አቅሙ 80 በመቶ ቢቀር፣ ከባትሪ እስከ ግሪድ 5 በመቶ ቢባክን፣ መገዛት ያለበት ወደ 94 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ወይም በ75 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ መጨመር ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን ባዶ የኮንክሪት መሠረት፣ የኬብል ቦይና የትራንስፎርመር አቅም ከመጀመሪያው መቀመጥ አለበት።

ከ100 ወደ 90 ለመውረድ ስንሞክር ነገሩ ይለወጣል። ጠቅላላው 124 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል፤ የመጀመሪያው 20 ሜጋዋት 64 ሲፈልግ ቀጣዩ 10 ሜጋዋት ብቻውን 60 ይፈልጋል። ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ነው። ባትሪ ስለታም ጫፍን በርካሽ ይቆርጣል፤ ሰፊ ጉብታ ላይ ሲደርስ ሌላ መንገድ መፈለግ ነው።

መሙላቱንም አስቡት። ከሞላነው ተመልሶ የሚወጣው 85 በመቶ ከሆነ 64 ለማውጣት 75 ሜጋዋት ሰዓት ይገባል። ቀን ላይ ከፀሐዩ ትርፍ ካልሞላ ከግሪድ መሙላት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ዝናባማ ሳምንት ላይ ባትሪው ከየት እንደሚሞላ በሠንጠረዡ ይታይ።

ስለ እሳት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 በአሪዞና አንድ 2 ሜጋዋት የባትሪ ኮንቴይነር ውስጥ ሴሎች በሰንሰለት ሲግሉ የማጥፊያው ጋዝ ተለቀቀ፤ የሴሎቹን መጋል ግን አላቆመውም፤ ተቀጣጣይ ጋዝ ውስጡ ተከማችቶ በሩ ከተከፈተ በኋላ ፈነዳ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተጎዱ። ከዚህ የሚወሰደው፦ ጋዝ ለይቶ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ፣ ከውጭ የሚነሣ የአየር ማስወጫ፣ የፍንዳታ ግፊት ማስተንፈሻ፣ በሩ ሳይከፈት ውስጡ የሚታይበት መረጃ። የዩ ኤል 9540ኤ (የባትሪ ሴል መጋልና እሳቱ እንዴት እንደሚዛመት የሚያሳይ ሙከራ) ውጤት የሚገጠመው ሞዴል ራሱ ላይ የተደረገ መሆኑን አረጋግጡ፤ ለወንድሙ ሞዴል የተደረገ ምርመራ አያገለግልም። የእሳት አደጋ ክፍሉ ደግሞ ቦታው ሲመረጥ ይጠራ እንጂ ለምረቃ አይጠራ።

ቦይለር፦
ከባትሪ በፊት የከተማዋን የውኃ ፓምፖች እዩ። 4 ሜጋዋት ፓምፕ ከምሽት ወደ ቀን ቢዛወር አምስት ሰዓት ውስጥ 20 ሜጋዋት ሰዓት ነው፤ የባትሪውን ሲሶ ያህል ይተካል። የሚያስፈልገው መቆጣጠሪያ ብቻ ነው።

የውኃ መሐንዲስ፦
ቦይለር፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የሚያስፈልገው መቆጣጠሪያ ብቻ አይደለም። ውኃውን 120 ሜትር ከፍ የሚያደርግ ፓምፕ፣ ከሞተሩ ጋር 70 በመቶ ቅልጥፍና ይዞ፣ ለአንድ ሜትር ኩብ 0.47 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። 20 ሜጋዋት ሰዓት ማለት ወደ 43,000 ሜትር ኩብ ውኃ ነው። ያንን ያህል ባዶ ቦታ በማጠራቀሚያዎቹ ውስጥ ቀን ላይ መኖር አለበት፤ ያውም ለእሳት አደጋ የተያዘው ሳይነካ። ብዙ ሥርዓት ግማሹን እንኳ አይችለውም። በተጨማሪ ቀን ላይ ፓምፖች አብረው ሲነሡ የቧንቧው ግፊት ይጨምራል፤ የውኃ ምት (በቧንቧ ውስጥ ድንገት የሚነሣ የግፊት ምት) መከላከያውና የቧንቧው አቅም ይፈተሽ። ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ የሚገኘው ምናልባት 8 ወይም 10 ሜጋዋት ሰዓት ይሆናል፤ እሱም ቢሆን ከባትሪ እጅግ ርካሽ ነውና አይተው።

ውል አንባቢ፦
የኃይል ግዢ ስምምነቱ ላይ ሁለት ነገር ልያዝ።

አንደኛው ያልተወሰደ ኃይል ነው። ገንቢው ዝግጁ ሆኖ ሳለ ከተማዋ በመስመር ብልሽት፣ በጥገና ወይም በበዓል ቀን ትርፍ ምክንያት ምርቱን እንዲቀንስ ካዘዘች፣ አብዛኛው ስምምነት እንደተመረተ ቆጥሮ ያስከፍላል። 8760 የጠቀሰው የበዓል ቀን ትርፍ እዚህ ላይ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። በዓመት የመጀመሪያዎቹ የተወሰኑ ሰዓታት ያለ ክፍያ እንዲሆኑ መደራደር ይቻላል፤ ቁጥሩ ከሠንጠረዡ ይውጣ እንጂ ከሌላ ውል አይገልበጥ። ሊመረት ይችል የነበረው እንዴት እንደሚሰላም ይጻፍ፦ ስንት የጨረር መለኪያ፣ በየስንት ቀን የሚጸዳ፣ በማን የሚመሳከር። ይህ ካልተጻፈ ክርክሩ ማለቂያ የለውም።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። በቴክሳስ የምትገኘው ጆርጅታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ የነፋስና የፀሐይ ኃይል በረጅም ጊዜ ቋሚ ዋጋ ተዋዋለች፤ ከከተማዋ ፍላጎት በላይ ነበር። ትርፉ በገበያ ይሸጣል ተብሎ ነበር፤ የገበያው ዋጋ ሲወርድ ሽያጩ ከግዢው አነሰ። ቋሚ ዋጋው ዋስትና የሚሆነው ከተማዋ ራሷ ለምትጠቀመው ኃይል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የገበያ ውርርድ ነው።

ጨረታውም በኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ብቻ ከተወዳደረ የሚያሸንፈው እኩለ ቀን ላይ የሚከምረው ነው። እያንዳንዱን ሰዓት ለከተማዋ ባለው ጥቅም አባዝታችሁ አወዳድሩ። ፀሐይን የሚከተል ተሸካሚ፣ ወይም በጠቅላላ ምርት ቢያንስም ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ረድፍ፣ በዚህ መለኪያ ሊበልጥ ይችላል።

የጣሪያ ፀሐይ፦
እስካሁን የደንበኞች ጣሪያ አልተነሣም። ቆጣሪው የሚያየው ከጣሪያው የተረፈውን ጭነት ብቻ ነው። ፊደሩ 6 ሜጋዋት ሲያሳይ ከሥሩ 9 ሊኖር ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በ1547 መደበኛ ሴቲንግ ኢንቨርተሮቹ ቮልቴጁ ከተስተካከለ በኋላ 300 ሰከንድ ይጠብቃሉ። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ፊደሩ እንደገና ሲገናኝ 9ኙም ሜጋዋት፣ ከማቀዝቀዣዎቹ አንድ ላይ መነሣት ጋር፣ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ለ6 ሜጋዋት የተቀመጠ ሪሌይ መልሶ ያቋርጠዋል፤ ኦፕሬተሩም ብልሽቱ ያልጠፋ መስሎት ሠራተኛ ይልካል። የተመዘገቡ ጣሪያዎች ዝርዝር ከፊደሩ ቁጥር ጋር ተያይዞ ካልተያዘ የጭነት ትንበያውም ከመሠረቱ ይሳሳታል።

ጭነት ተንባይ፦
አመሰግናለሁ። የማሻሽለው እንዲህ ነው፦ ፀሐዩን በሁለት ዙር እከፍላለሁ፤ 40 ሜጋዋት በከፍተኛ ቮልቴጅ በኩል መጀመሪያ፣ የነፋስ ምሰሶው ልኬት በዚያው ወቅት ይጀመራል፤ ሁለተኛው ዙር ከባትሪው ጋር። ጥያቄዬ፣ የጣቢያው ትራንስፎርመር ትዕዛዝ ከፀሐዩ ጨረታ ይቅደም ወይስ ይከተል?

ሰብስቴሽን፦
ይቅደም። ትልቅ የኃይል ትራንስፎርመር ከታዘዘ በኋላ ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የፀሐይ ማመንጫ ግን ቦታው ከተዘጋጀ በዓመት ገደማ ይቆማል። ማመንጫው ቀድሞ አልቆ ትራንስፎርመር ቢጠብቅ፣ ውል አንባቢ ያለው ያልተወሰደ ኃይል ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን መቁጠር ይጀምራል። የመነሻው ሥራ የግሪድ ጥናቱ ነው፤ የትራንስፎርመሩ መጠን፣ ኢምፔዳንሱ (የውስጥ መቋቋሙ) እና ታፕ ቼንጀሩ ወደ ኋላ ለሚሄድ ኃይል መሥራቱ ከዚያ ይወሰናል። ትዕዛዙ ከወጣ በኋላ የጨረታው የሥራ መጀመሪያ ቀን ከትራንስፎርመሩ መድረሻ ጋር ይታሰር።

8760፦
ሠንጠረዡን ስትሠራ አንድ ነገር አትርሳ። የአምስት ዓመት ጭነት በቀን መቁጠሪያ ቀን ካሰለፍክ፣ ቀናቸው ከዓመት ዓመት የሚዘዋወር በዓላት በተለያየ ረድፍ ይወድቃሉ፤ አማካዩም የ50 ሜጋዋቱን ቀን ይውጠዋል። በዓላቱን ለብቻ ምልክት አድርግባቸው፤ ትርፉን የምታየው በእነዚያ ቀናት ነው።